ይቅርታ የሚከለክል አንቀጽ

እስቲ ከመካከላችሁ ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቃድ ያስፈለገው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ማኅተም ያረፈበት፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር ፈቃድ ማለቴ ነው። እኔን አስፈልጎኝ ነበር። ባለቤቴ እታገኝ ይህን ታሪክ ለሰው ስታወራ «ባሌ ያበደበት ሰሞን» ብላ ነው የምትጀምረው። እኔ ግን አላበድኩም፤ ግራ ነው የገባኝ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለእሷ ማስረዳት እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም።

ሥራዬ ግንባታ ነው፤ ተቋራጭ ነኝ። ተቋራጭ ስላችሁ ባለ ገልባጭ መኪና፣ ባለ ብዙ ሠራተኛ እንዳይመስላችሁ። ያለኝ አንድ የንግድ ፈቃድ፣ አንድ ውኃ ልክ፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ እጀታው በላስቲክ የታሰረ መዶሻና ቁጥሩ እንደ ጎረቤቶቼ የማገዶ ፍላጎት የሚለዋወጥ አጣና ነው። ሥራ አስኪያጁም፣ ግንበኛውም፣ ዘበኛውም እኔ ነኝ። ሥራ ሲበዛ ሁለት ሦስት ሰው እጨምራለሁ፤ ሲጠፋ ራሴንም እቀንሳለሁ። ከአዘዞ እስከ ቁስቋም «ይህን እሱ ነው የሠራው» የሚባል ግንብ ሞልቷል። «ይህን እሱ ነው ያጣመመው» የሚባልም አንድ አለ፤ ላሳያችሁ የሚል ሰው ከመጣ አትከተሉት።

ባለፈው ጥቅምት ዝናቡ ለቀቅ እንዳደረገ እትዬ አልጋነሽ አስጠሩኝ። እትዬ አልጋነሽ ቁስቋም ዳገቱ ላይ ፔንሲዮን የሚያሠሩ ጠንካራ ሴት ናቸው። በእሳቸውና በጎረቤታቸው ግቢ መካከል ያለውን የድንጋይ አጥር ከፍ አድርጌ እንድገነባላቸው ፈለጉ። ጎረቤታቸው ደግሞ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። መሪጌታ የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ማኅሌቱን ለተማሪዎቻቸው ትተው ንብ ማነብ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ሰሙ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይሆናል፤ ማሩን ለመጣው ሁሉ ያቀምሳሉ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም የምጠራቸው «የኔታ» ብዬ ነው።

እትዬ አልጋነሽ ዋጋ ተስማምተን ስናበቃ «ለመሆኑ ኢንሹራንስ አለህ?» አሉኝ።

«የምን ኢንሹራንስ? መኪና እኮ የለኝም።»

«ለሥራህ ነው እንጂ! ባለፈው ቤት ሳሠራ ከግንበኛው እጅ ያመለጠ ብሎኬት የሰው ባጃጅ ላይ ወርዶ ስንት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያለ ኢንሹራንስ አንዲት ድንጋይ አታነሳብኝም።»

ኢንሹራንስ ማለት ዋስትና ነው አሉኝ። ዋስትና ከሆነ ደግሞ የአገሩን ደንብ አውቃለሁ፤ ሰው ያለ ዋስ አይሄድም። በማግሥቱ የዕድራችንን ዳኛና የባለቤቴን ወንድም ነጭ ጋቢ አስለብሼ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አድርጌ ከኢንሹራንሱ ቢሮ ገባሁ። ሦስታችን ተሰልፈን ስንቆም ወረፋ የያዙት ሰዎች ለቅሶ ልንነግር የመጣን መስሏቸው ቦታ ለቀቁልን። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ሰላማዊት የምትባል ትሑት ልጅ ናት።

«ዋስ ይዤ መጥቻለሁ» አልኳት።

«ዋስ አያስፈልግም፣ ጋሼ። ለእርስዎ ዋስ የምንሆነው እኛ ነን።»

«ሳታውቁኝ?»

«ፎርሙን ሲሞሉ እናውቅዎታለን።»

የዕድሩ ዳኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ጤና የላቸውም እንዴ? ሳያውቅ የሚዋስ ሰው ጤና የለውም፤ ብንሄድ ይሻላል» አሉኝ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ሥራ አስፈትቼው መጥቶ አያስፈልግም በመባሉ ተቀየመኝ። ሁለቱን ሻይ አጠጥቼ አሰናብቼ ስመለስ ሰላማዊት ፎርሙን ከፍታ ጠበቀችኝ።

«በሥራዎ ላይ ምን ዓይነት አደጋ ሊደርስ ይችላል?»

«ምንም! በእመቤታችን፣ በጠዋቱ ምን ታሟርቺብኛለሽ?»

«ማሟረት አይደለም፣ ጋሼ። ለምሳሌ ግድግዳ ተደርምሶ ሰው ላይ...»

«ይቅር ይበለን!»

«የሰው ቤት ላይ ዕቃ ወድቆ...»

«አይድረስ!»

እሷ አደጋ በጠራች ቁጥር እኔ ሳማትብ ከፎርሙ ይልቅ ጸሎቱ በለጠ። መጨረሻ ላይ ሰለቻት መሰለኝ፣ ሁሉንም ራሷ ሞላችው። ባለ ብዙ ገጽ ውል ሰጠችኝ፤ ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል። «ያንብቡት» አለችኝ። እሺ ብዬ ፈረምኩ። እታገኝ ወረቀቱን ከጋብቻችን የምስክር ወረቀት ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ሁለቱንም ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ሥራ ተጀመረ። አጣናውን አቁሜ፣ አግዳሚውን በገመድ አስሬ፣ በአጥሩ በኩል መወጣጫ ሠራሁ። የአጥሩ ሌላኛው ወገን የየኔታ ቤት ክፈፍ ነው፤ በክፈፉ ሥር ሦስት ቀፎ ተንጠልጥሏል። በአምስተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ እትዬ አልጋነሽ መጥተው ከታች ሆነው ሽቅብ ተመለከቱኝና «ይህ ነገር የጠና ነው? ሲወዛወዝ አየሁት ልበል?» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ታሪክ አታነቡትም ነበር። «የጠና ነው ወይ?» መባል ግን አንጀቴን አሳረረኝ። «እትዬ፣ ይህ እኮ ዝሆን ይሸከማል!» አልኩና ሁለት እጄን ዘርግቼ ዋናውን አጣና ይዤ ነቀነቅሁት። ደግሞ አንዴ አይደለም። አንዴ ነቅንቄ ሳየው ምንም አልሆነም፤ ደስ አለኝና ደገምኩት። በሁለተኛው አንድ ገመድ ሲፈታ ሰማሁ። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፤ መወጣጫው ግን ማዶ ሄደ። ክፈፉን ይዞ፣ ሦስቱን ቀፎ ይዞ፣ የየኔታ ደጃፍ ላይ ተከመረ።

ከዚያ ንቦቹ ወጡ። እትዬ አልጋነሽ በር ያልተገጠመለት መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ በር እንደሌለው ሲያዩ ተመልሰው በነጠላቸው ተጠቅልለው ወደ መንገድ በረሩ። ሠራተኞቼን ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው በማግሥቱ ነው። እኔ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ራሴ ላይ አጥልቄ የአሸዋ ክምር ሥር ተኛሁ። እዚያው ከረጢት ውስጥ እንዳለሁ ስልኬን አውጥቼ ሰላማዊት ጋ ደወልኩ። ምን ሆኜ እንደደወልኩ አላውቅም፤ ዋሴ ናት ብዬ ይሆናል።

«ጋሼ ይረጋጉ፤ የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

«ተመስገን። በሉ በደንብ ይስሙኝ። ከእኛ ጋር ሳይነጋገሩ ለማንም ሰው ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳይሉ። እክሳለሁ ብለው ቃል እንዳይገቡ። ይቅርታም ቢሆን ለጊዜው ይቆዩ። የውሉ አንቀጽ ይህን ይከለክላል፤ ከጣሱት ድርጅቱ ላይከፍል ይችላል።»

ንግግሯን ስትጀምር ከረጢቱ ውስጥ የገባች አንዲት ንብ አፍንጫዬን ነደፈችኝ። ስለዚህ «ከእኛ ጋር ሳይነጋገሩ» ያለችውን ሰምቼዋለሁ ግን አልያዝኩትም። የያዝኩት የቀረውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው አይባልም፤ ይቅርታ አይባልም። የየኔታን ክፈፍና ቀፎ ከኪሴ ልተካ ብል ደግሞ ከመዶሻዬ እስከ አካፋዬ ሸጬም አይበቃኝ። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ ምላሴ ቢቆረጥ አልልም።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ንቦቹ ወደ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በኩል ሸሽተው ነበር። ማሩ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል። እኔ ከአንገቴ በላይ ሲሚንቶ ለብሼ፣ አፍንጫዬ አብጦ፣ ደጃፋቸው ላይ ቆሜያለሁ። ሽማግሌው አልጮኹም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁሉንም ቀስ ብለው አዩና፣ ድሮ ፊደል ገበታው ተቀዶ ሲያገኙት እንደሚጠይቁት አድርገው ጠየቁ።

«ማን ነው?»

«የኔታ፣ መወጣጫው... ወድቋል።»

«እሱንስ አየሁት። ማን ጣለው?»

«እየተጣራ ነው።»

«ማን ነው የሚያጣራው? እላዩ ላይ የነበርኸው አንተ አይደለህም?»

«መኖሩንስ ነበርኩ። ግን... ለጊዜው አስተያየት አልሰጥም።»

የኔታ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከንዴት ይልቅ መገረም ነው ያየሁባቸው፤ ያሳደጉት ልጅ ባልታወቀ ቋንቋ ሲናገር የሰሙ መሰሉ። አፈርኩ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሳቸው ግን ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ማታ ለእታገኝ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። «ምነው አንተ ሰውዬ! ይቅር በሉኝ ለማለት ምን አነሰህ?»

«ውሉ ይከለክላል።»

«ይቅርታ የሚከለክል ውል የት ተሰምቶ ያውቃል? በል አንተ ካላልክ እኔ እሄዳለሁ።»

በነጋታው ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ስትይዝ እያለከለክሁ ደረስኩባት። «አንቺ ካልሽ እኔ እንዳልኩ ቢቆጠርስ? አንድ ቤት አይደለን?» አልኳት። መንገድ ላይ ቆመን ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ልትጠይቃቸው ትግባ፣ ግን ጥፋት የሚለውንም ይቅርታ የሚለውንም ቃል አታንሳ ብለን ተስማማን። ስኳርና ድንች ይዛ ገብታ ተቀመጠች። የሚባለው ነገር ሁሉ ስለተከለከለባት የቀራትን አንድ ቃል አለች፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ የኔታ።»

«ማን ሞቶብኝ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ለንቦቹ ነው» ለማለት አፈረች። ስታለቅስ እሳቸው ሲያጽናኗት ቆይተው ድንቹን መልሰው አሸክመው ሸኟት። ቤት ገብታ ድንቹን ከመሬት ወረወረችው።

በሦስተኛው ቀን ኢንሹራንሱ የጉዳት ገማች ላከ። አቶ ብርሃኑ የሚባል፣ ሜትርና ካሜራ የያዘ፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነው። የኔታን አስቀርቦ «እርስዎ ሦስተኛ ወገን ነዎት» አላቸው።

«አንደኛው ማነው?»

«እሳቸው» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ሁለተኛውስ?»

«እኛ ነን፤ ድርጅቱ።»

«ክፈፉ የፈረሰው የኔ፣ ንቡ የሸሸው የኔ። ሦስተኛ የሆንኩት በምን ሥርዓት ነው? ይህን ያስተማረህ ማን ነው?»

አቶ ብርሃኑ ሊያስረዳ ሞከረ። እኔም ሰምቼ ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ፤ ካስረዳው በኋላ ጭራሽ እኔ ራሴ ስንተኛ እንደሆንኩ ጠፋኝ። ወደ ንቡ ተሻገርን። «የንቦቹ መግዣ ደረሰኝ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የኔታ ንብ ደርሶ የሚገባ እንጂ የሚገዛ አይደለም አሉት፤ የመጀመሪያው መንጋ ራሱ መጥቶ ግቢያቸው ካለው ጽድ ላይ አርፎ ነው። «ራሱ ከመጣ ባለቤትነቱን በምን ያረጋግጣሉ?» አለ ገማቹ። «ስንት ዘመን አብሮኝ ኖሯል» አሉ የኔታ። አቶ ብርሃኑ ይህን በየትኛው ሣጥን እንደሚጽፈው ሲያስብ ከተሰበረው ቀፎ አጠገብ ጎንበስ አለ። ከቀሩት ንቦች አንዷ የዓይኑን ቆብ፣ ሌላዋ ጆሮውን ነደፈችው።

ሰውየው ሲጮህ የኔታ መቋሚያቸውን ጥለው ሮጡ። መውጊያውን በጥፍራቸው ነቀሉለት፣ ውኃ አመጡለት፣ አጎንብሰው ጉልበቱን ያዙ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። የኔ ንብ ናት። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ አትጠጋ ማለት ነበረብኝ» አሉት።

እንዲህ በቀላሉ። ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባቸውም። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ነገር ሽማግሌው ለማያውቁት ሰው ወዲያው አሉት። ንብ የሰው ንብረት ከሆነች፣ ገማቹ ደግሞ ከተነደፈ፣ እሱ አሁን አራተኛ ወገን ይሆን ወይ ብዬ ለመቀለድ አሰብኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ነገሩ በሰፈር ተወራ። ሽማግሌዎች ተላኩ። የመሩት አያ ዘለቀ ናቸው፤ የእናቴ ወገን፣ የትክል ድንጋይ ከተማ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ ከላይ አርማጭሆ የወረዱ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጨረስበትን ደንብ ታውቁታላችሁ። ያጠፋው ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ አጥፍቻለሁ ይቅር በሉኝ ይላል፤ ተበዳዩ ይቅር ሲለው ድንጋዩን ያወርድለታል። ድንጋዩን እንኳ ሰው የሚመርጠው ትንሽ፣ ለምልክት ነው። እኔ ግን ግንበኛ ነኝ። የተጣመመ ድንጋይ ይዤ ብቀርብ ይስቁብኛል ብዬ ከእትዬ አልጋነሽ ክምር ውስጥ ለማዕዘን ያዘጋጀሁትን፣ አራቱም ፊቱ የተጠረበውን መረጥኩ። ክብደቱን ያስተዋልኩት የየኔታ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።

የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ በግራና በቀኝ ናቸው። እኔ መካከል ቆሜያለሁ።

«በል ልጄ» አሉ አያ ዘለቀ፣ «አጥፍቻለሁ በል።»

«ጉዳት መድረሱን አልክድም።»

«ሸጋ። አጥፍቻለሁ በል።»

«መወጣጫው ሲወድቅ እኔ በአቅራቢያው ነበርኩ።»

«አጥፍቻለሁ በል ነው የምልህ!»

«አያ፣ ስሕተት ሊኖር ይችላል... በማን በኩል እንደሆነ ግን...»

አያ ዘለቀ ወደ ሌሎቹ ዞረው «ምነው፣ ይህ ልጅ ንቡ ጭንቅላቱንም ነድፎታል እንዴ?» አሉ። ድንጋዩ አንገቴን ይዞ ሊሰምጥ ነው። ላቤ ይንጠባጠባል። ለማውረድ አልችልም፤ ይቅር ሳልባል ድንጋዩን በገዛ እጄ ካወረድኩ ሽማግሌ እንደ መናቅ ነው። ለመናገርም አልችልም፤ ውሉ ይፈርሳል። ከሁሉም የባሰው እግሬ ተንቀጥቅጦ ድንጋዩ አያ ዘለቀ ላይ ቢወድቅ ሌላ ፎርም ሊሞላ ነው።

የኔታ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ልጄ፣ ክፈፉን ተወው። ንቡም አምላክ ካለ ይመለሳል። እኔ ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት፣ ልቆርብ ንስሐዬን ጨርሻለሁ። ቂም ይዤ ግን ሥጋ ወደሙ አልቀርብም። ይቅር ልበልህ ብል ደግሞ አጥፍቻለሁ ሳትለኝ ምኑን ነው ይቅር የምልህ? እኔ አርጅቻለሁ፤ የሚቀጥለውን ኅዳር መድረሴን አላውቅም። አንድ ቃል ነው የጠየቅሁህ።»

አፌን ከፈትኩ። «የኔታ፣ እኔ...» አልኩና እታገኝን፣ መዶሻዬን፣ ሥራ የማይገኝበትን ክረምት አሰብኩ። «እስኪጣራ ድረስ...» ብዬ ጨረስኩት። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ድንጋዩን የሚያወርድልኝ ስለጠፋ እንደተሸከምኩት ወጣሁ። የቁስቋምን ዳገት ሙሉ፣ ሰው እያየኝ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ወረድኩ። የሚያውቀኝ ሁሉ «ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለችኝ እታገኝ በር ላይ። ነገርኳት። ድንጋዩን ራሷ አወረደችልኝና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «የኔታ ሳይቆርቡ ቢሞቱ ይህን ወረቀት በልቼ እኔም እሞታለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። አንድ ጊዜ ውሉን ከፌስታሉ አውጥቼ ላነብ ሞከርኩ፤ «ምንም እንኳ ከላይ የተጠቀሰው ቢኖርም ከዚህ በታች በተመለከተው መሠረት» የሚል ቦታ ደርሼ ከላይም ከታችም ጠፋሁ። የጽጌ ጾም አለቀ። ኅዳር ስድስት ጠዋት፣ ቅዳሴው ሊገባ ሲል፣ ያንኑ ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ ወደ ደብሩ ወጣሁ። በነጭ ልብስ የተሞላው ሕዝብ መንገድ ሲለቅልኝ እታገኝ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር። የኔታ ከውጭ፣ ከደብሩ ጽድ ሥር፣ ብቻቸውን ቆመዋል። ሌላው ቆራቢ ሁሉ ወደ ውስጥ እየገባ እሳቸው ሲቀሩ ሳይ ውሉም፣ መዶሻውም፣ ክረምቱም ከራሴ ጠፋ።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽሁ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ማንም አላጣራም፤ የሚጣራ ነገርም የለም። እትዬ አልጋነሽ ፊት ጉራ ስነዛ በእነዚህ ሁለት እጆቼ ነቅንቄ ነው የጣልኩት። ሁለት ጊዜ ነው የነቀነቅሁት! በቁስቋም ማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይቅር በሉኝ!»

የኔታ ጠጋ ብለው ድንጋዩን ሊያወርዱ ያዙት፤ ከበዳቸውና አንድ ዲያቆን አገዛቸው።

«ይቅር ይበልህ፣ ልጄ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው «ይህን ለማለት ሁለት ሳምንት ምን አስቀመጠህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ፈቃድ አልነበረኝም፣ የኔታ።»

«ከማን?»

«ከኢንሹራንሱ።»

ምን እንዳሰቡ እንጃ። ትንሽ አዩኝ፣ ራሴን በእጃቸው ነካ አደረጉኝና ፈጠን ፈጠን እያሉ ገቡ። እኔ እንባዬን ስጠርግ ዞር ስል ከኋላዬ፣ ነጠላ ለብሳ፣ ሰላማዊት ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እንኳን አደረሰዎ፣ ጋሼ» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ሰማሽኝ?»

«ዛሬ በዓል ነው። ሥራ ላይ አይደለሁም» አለችና ወደ ሴቶቹ በኩል ሄደች። ቅዳሴው ሲያልቅ የኔታ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ አየኋቸው። ፊታቸው ሲበራ እኔ በሕይወቴ ከሠራሁት ግንብ ሁሉ ይህን ቀን ወደድኩት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አጣናዬን ተሸክሜ፣ ማንም ይክፈል ማንም አይክፈል ክፈፉን ራሴ ልሠራ የየኔታ ግቢ ስደርስ ሰላማዊት ፎርም ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ በርጩማ ላይ የኔታ አሉ።

«ጋሼ፣ ውሉን አንብበውታል?» አለችኝ።

«ሞክሬያለሁ።»

«ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ነው እኮ የሚለው። ደውለው ሽማግሌ ይቅርታ ልጠይቅ ነው ቢሉኝ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ በዚያው ቀን ደብዳቤ እጽፍልዎት ነበር።»

«ማኅተም ያለው?»

«ማኅተም ያለው።»

ሁለት ሳምንት፣ አንድ አንገት፣ አንድ ትዳር ለማጣት ምን ቀረኝ? እሷም ወደ የኔታ ዞራ አለቃዋ ነገሩን ሰምቶ ለዚህ አንድ ጊዜ እንዳለፈው፣ ካሳው እንደሚከፈል፣ የሚቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። እኔ ከደስታዬ የተነሣ አጣናውን ለቀቅሁት።

የኔታ ፎርሙን አላነሡም። «ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» አሉ።

«እሳቸው ስላደረሱብዎት ጉዳት ካሳ እጠይቃለሁ ብለው።»

«እኔ እኮ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ፤ ሰምቻለሁ። ግን ይህ ሌላ ነው። የሚከፍሉት እሳቸው አይደሉም፤ እኛ ነን።»

«አንቺማ ምን በደልሽኝ? የበደለኝ እሱ ነው፤ እሱን ደግሞ ይቅር ብዬ ቆርቤበታለሁ። ትናንት ይቅር ያልኩትን ዛሬ በምን አፌ እጠይቃለሁ? ልጆቼ፣ አታሳስቱኝ።»

ሰላማዊት ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። ስልክ አውጥታ አለቃዋ ጋ ደወለች፤ ለረጅም ጊዜ አስረዳችው፤ አለቃዋም አልገባው መሰለኝ ሦስት ጊዜ ደጋግማ «አይ፣ አልተጣሉም፤ ታርቀዋል፤ ስለታረቁ ነው» ስትል ሰማኋት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ያየሁትን ግራ መጋባት አወቅሁት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የእኔ ፊት ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ታዲያ ይህን መዝገብ በምን ልዝጋው?» አለችኝ። «ክፍያ ተፈጽሟል የሚል ሣጥን አለ፣ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል የሚል አለ። ሌላ የለም።»

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሏት። ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው፣ ገልብጠው ሁሉን ሣጥን አንድ በአንድ ፈለጉ።

«ይቅር ብሎታል የሚል ቦታ የለውም?»

«የለውም፣ የኔታ።»

«ይኸን ሁሉ ጽፋችሁ?» አሉ፤ እውነትም አዝነውላት ነበር። ብዕሯን ተቀብለው ከዳር ባዶ ቦታ ላይ ያንኑ ቃል ራሳቸው ጻፉበትና መለሱላት። እኔም አጣናዬን አንሥቼ አንደኛውን ገመድ ማሰር ጀመርኩ።